አሥር ቀን የሠራው ክሊኒክ፦ አምቦይ ጎዳና ቁጥር 46፣ ብሩክሊን፣ 1916

ኦክቶበር 16 ቀን 1916 በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ ብራውንስቪል በሚባል የስደተኞች ሰፈር፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክሊኒክ ተከፈተ። በአሥረኛው ቀን ፖሊስ ገብቶ ዘጋው። መሥራቿ ማርጋሬት ሳንገር ተከሰሰች፣ ተፈረደባት፣ ታሰረች፤ ይግባኝ ብላም ተረታች። ይሁን እንጂ የረታት ፍርድ ራሱ ውስጥ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ ለተከፈቱት ክሊኒኮች የሕግ መከታ ሆኑ። እዚህ የምንመረምረው ክሊኒኩ እንዴት እንደተደራጀ፣ በምን እንደወደቀ፣ ፍርዱ ምን እንደፈቀደና ለማን እንደፈቀደ ነው። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ይህን ጉዳይ የወሰነው የሐኪም አለመኖር ነው። ክሊኒኩን ያቆሙት ነርሶች ናቸው፤ ሕጉ የተወው ጠባብ ቀዳዳ ግን ለሐኪም ብቻ ነበር። ክሱን ያስረታቸው ይህ ነው፤ እንቅስቃሴውም ለብዙ አሥርት ዓመታት መልኩን የያዘው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሕጉ

በ1873 የወጣው የፌዴራል ሕግ በአራማጁ በአንቶኒ ኮምስቶክ ስም ይጠራል። እርግዝናን የሚከላከል ዕቃም ሆነ ስለ ዕቃው የሚያስረዳ ጽሑፍ ከብልግና ሥዕል ጋር አንድ ላይ ተፈርጆ በፖስታ እንዳይላክ ታገደ። ኮምስቶክም የፖስታ ቤቱ ልዩ መርማሪ ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1915፣ ሰው ሲያሳስር ኖረ።

ለብራውንስቪል ጉዳይ ወሳኙ ግን የኒውዮርክ ግዛት የወንጀል ሕግ ነው። አንቀጽ 1142 መሸጥን ብቻ አልከለከለም፤ በነጻ መስጠትን፣ ማስተዋወቅን፣ ዕቃው የትና እንዴት እንደሚገኝ በቃል መናገርንም ወንጀል አደረገ። አንዲት ነርስ ለጎረቤቷ «እንዲህ ያለው ነገር እዚያ መድኃኒት ቤት አለ» ብትላት ሕግ ተላልፋለች። ከእሱ ዝቅ ብሎ የሚገኘው አንቀጽ 1145 ደግሞ አንድ ነገር ለይቶ አስቀረ፦ በሕግ የተፈቀደለት ሐኪም በሽታን ለማዳን ወይም ለመከላከል የሚጠቀምበት ወይም የሚያዝዘው ዕቃ በክልከላው ውስጥ አይገባም። በዘመኑ ይህ አንቀጽ የሚተረጎመው ወንዶችን ከአባላዘር በሽታ ለመጠበቅ ተብሎ ነበር። ዘጠኝ ወልዳ ዐሥረኛውን ብታረግዝ እንደምትሞት የተነገራት ሴት በዚህ አንቀጽ ጥላ ሥር ትገባለች ብሎ ያሰበ ፍርድ ቤት አልነበረም።

ሳንገር ከሆላንድ ይዛ የመጣችው

ማርጋሬት ሳንገር በ1879 በኒውዮርክ ግዛት፣ ኮርኒንግ በምትባል ከተማ ተወለደች። እናቷ 18 ጊዜ አርግዘው 11 ልጆች ወልደዋል፤ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ ሃምሳ ዓመት ገደማ ነበሩ። ሳንገር በማንሃተን የድኾች ሰፈር ነርስ ሆና ስትሠራ፣ ሴቶች በርካሽ ክፍያ ውርጃ ከሚያስወርዷቸው ሰዎች በር ሲሰለፉና ከዚያ በኋላ በትኩሳት ሲያልቁ አየች። በ1914 በራሷ መጽሔት የተነሣ በፌዴራል ሕግ ተከሰሰች። ፍርድ ቤት ሳትቀርብ ወደ አውሮፓ ሸሸች፤ ከመሄዷ በፊት ግን የወሊድ መቆጣጠሪያ ዘዴዎችን የምታስረዳ 16 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ በ100,000 ቅጂ በምሥጢር አሳተመች። ባሏ ዊልያም ከመጽሐፏ አንዷን ለኮምስቶክ ሰላይ በመስጠቱ በ1915 ለ30 ቀናት ታሰረ። እሷም በዚያው ዓመት ተመለሰች። ብዙም ሳይቆይ የአምስት ዓመት ልጇ ፔጊ በሳንባ ምች ሞተች። የሕዝቡ ሐዘኔታ ወደ እሷ ማዘንበሉን ያየው ዐቃቤ ሕግ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1916 ክሱን አነሣ። ክሱ መነሣቱ ለእሷ ነጻነት ቢሆንም ሕጉን አልነካውም፤ ፍርድ ሳይሰጥበት በነበረበት ቆመ።

በስደቷ ወቅት በሆላንድ፣ በሄግ ከተማ ዶክተር ዮሐንስ ሩትገርስን አገኘች። በአምስተርዳም ከ1882 ጀምሮ ድኾች ሴቶችን በነጻ ታክም የነበረችው አሌታ ያኮብስ ግን ሐኪም አይደለሽም ብላ ልታገኛት አልፈቀደችም። ሩትገርስ ያስተማራት በሜንሲንጋ ስም የሚጠራውን ዳያፍራም (የማኅፀኑን በር የሚሸፍን የጎማ ቆብ) በየሴቷ ልክ መለካትን ነው። ይህ ትምህርት የሳንገርን አስተሳሰብ ቀየረ። ያቺ ትንሽ መጽሐፏ ዘዴዎችን ዘርዝራ አንባቢዋ ራሷ እንድትመርጥ ትተዋት ነበር፤ ከተዘረዘሩት መካከል ከግንኙነት በኋላ በውኃና በመድኃኒት መታጠብ ይገኝበታል፤ መታጠብ ደግሞ እርግዝናን አይከላከልም፤ የወንዱ ዘር በደቂቃዎች ውስጥ የማኅፀኑን በር አልፎ ይሄዳል። ዳያፍራም ግን ከመጽሐፍ አይለካም፤ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቤት ያስፈልጋል፣ አልጋ ያስፈልጋል፣ ባለሙያ ያስፈልጋል። የክሊኒኩ ሐሳብ የመነጨው ከዚህ ነው።

ዳያፍራም ጠርዙ ላይ ስፕሪንግ የተሰፋበት ለስላሳ የጎማ ቆብ ነው። ሲጨመቅ ይታጠፋል፤ ብልት ውስጥ ሲለቀቅ ተከፍቶ የማኅፀኑን በር ይሸፍናል። የኋላ ጠርዙ ከማኅፀኑ በር ጀርባ ካለው ጎድጓዳ ቦታ ይገባል፣ የፊት ጠርዙ ከፊተኛው የዳሌ አጥንት ጀርባ ይቀመጣል። የሚለካው ባለሙያዋ መካከለኛ ጣቷን እስከ ኋላኛው ጎድጓዳ አስገብታ፣ አመልካች ጣቷ አጥንቱን የሚነካበትን ነጥብ በአውራ ጣቷ ምልክት ስታደርግ ነው፤ ከጫፍ እስከ ምልክቱ ያለው ርቀት የቆቡን ስፋት ይነግራታል። መጠኖቹ በ5 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ። ቆቡ ካነሰ ይንሸራተታል፤ ከበለጠ የሽንት ቧንቧውን ተጭኖ ሕመምና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያመጣል። ከመግባቱ በፊት የወንዱን ዘር የሚገድል ጄሊ በውስጡና በጠርዙ ይቀባል፤ ከግንኙነት በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይወጣ ይቆያል። ቫዝሊንና ዘይት ጎማውን ይበሉታል። ከእያንዳንዱ ወሊድና ውርጃ በኋላ ደግሞ እንደገና መለካት አለበት፤ የትናንት ልክ ለዛሬ አይሆንም። ይህ ሁሉ ተጠብቆ እንኳ በዛሬ ግምት ከ100 ተጠቃሚዎች ውስጥ በዓመት ከ12 እስከ 17 ያህሉ ያረግዛሉ። ለዚያ ዘመን ሴት ግን ባሏን ሳታስፈቅድ በእጇ ልትይዘው የምትችለው ከሁሉ የተሻለው ነገር ይህ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፦ መታጠቢያው ከጎረቤት ጋር የጋራ በሆነበት፣ ስምንት ሰው በሁለት ክፍል በሚተኛበት ቤት ውስጥ ይህን ማድረጊያ ገለል ያለ ቦታ ማግኘት።

ክሊኒኩ እንዴት ቆመ

ብራውንስቪል የተመረጠው ከሩሲያ የመጡ አይሁዶችና ጣሊያኖች ተጨናንቀው የሚኖሩበት፣ ቤተሰቡ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ደመወዝ የሚተዳደርበት ሰፈር ስለሆነ ነው። መነሻ ገንዘቡ ካሊፎርኒያ ያለች አንዲት ደጋፊ የላከችው 50 ዶላር ሲሆን የመጀመሪያውን ወር የቤት ኪራይ ሸፈነ። በፒትኪን ጎዳና አጠገብ በአምቦይ ጎዳና ቁጥር 46፣ ምድር ቤት ያሉ ሁለት ክፍሎች ተከራዩ። አከራዩ ሆስፒታል እንዲመስል ብሎ ግድግዳውን ነጭ ቀባላቸው።

ሠራተኞቹ ጥቂት ናቸው። ሳንገር ነርስ፣ ታናሽ እኅቷ ኤቴል በርን ነርስ፣ ፋንያ ሚንዴል ደግሞ ይዲሽ ቋንቋ የምትናገር መዝጋቢና አስተርጓሚ። 5,000 በራሪ ወረቀት በእንግሊዝኛ፣ በይዲሽና በጣሊያንኛ ታትሞ በየቤቱ ደጃፍ ተበተነ። ወረቀቱ እናቶችን በቀጥታ ይጠይቃል፦ ብዙ ልጅ የማሳደግ አቅም አላችሁ? ተጨማሪ ልጅ ትፈልጋላችሁ? ካልፈለጋችሁ ለምን ትወልዳላችሁ? ከዚያም አትግደሉ፣ ነፍስ አታጥፉ፣ ነገር ግን ተከላከሉ ይላል፤ ከሠለጠኑ ነርሶች ጉዳት የሌለው ምክር እንደሚገኝ፣ የምዝገባ ክፍያው 10 ሳንቲም እንደሆነ አድራሻውን ጠቅሶ ይነግራል። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው ነገር አለ። ወረቀቱ ውርጃንና መከላከልን በግልጽ ይለያል፤ ተቃዋሚዎቿ ግን ሁለቱን ሆን ብለው ይቀላቅሉ ነበር፤ ዛሬም የሚቀላቅሉ አሉ።

ሳንገር በድብቅ አልሠራችም። ለብሩክሊን ዐቃቤ ሕግ በዚህ አድራሻ የወሊድ መቆጣጠሪያ ምክር እንደምትሰጥ አስቀድማ ጻፈችለት። የፈለገችው ሕጉ ፊት ለፊት እንዲፈተን ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከመቶ በላይ ሴቶች ልጅ አቅፈው፣ ጋሪ እየገፉ ተሰለፉ። ገቢዋ ሴት በፊተኛው ክፍል ስሟንና የወሊድ ታሪኳን አስመዝግባ 10 ሳንቲሟን ትከፍላለች፤ ከዚያ በቡድን ሆነው በኋለኛው ክፍል ከሁለቱ ነርሶች አንዷ ታስረዳቸዋለች። የጎማው ቆብ ይታያቸዋል፣ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ይነገራቸዋል። ያን ጊዜ በአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች የማኅፀን መደገፊያ በሚል ስም የሚሸጥ ተመሳሳይ ዕቃ ነበር፤ እሱን ከየት መግዛት እንደሚቻል ይነገራቸው ነበር። ከፔንሲልቬኒያ፣ ከኒውጀርሲ፣ ከማሳቹሴትስ ድረስ የመጡ አሉ። ሳንገር እንደጻፈችው በአሥሩ ቀን ውስጥ የ464 ሴቶች ታሪክ በመዝገብ ሰፍሯል።

ሐኪም ግን አልተገኘም። ሳንገር ፈልጋለች፤ የሙያ ፈቃዱን ለዚህ አደጋ የሚያጋልጥ አልተገኘም። ሳይከፈት ከሚቀር ያለ ሐኪም ይከፈት ብላ ወሰነች። በዚያ ላይ የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ ይህን ሥራ ለመሥራት በቂ ናት የሚለው እምነቷ ከሆላንድ የመጣ ነበር። በሕክምና በኩል ካየነው ትክክል ነበረች፤ ልኬቱ የእጅ ልምድ እንጂ የሐኪም ዲግሪ አይጠይቅም። በሕግ በኩል ግን የቆመችበት መሬት አልነበረም።

ፖሊስ

ከጠያቂዎቹ መካከል ሲቪል የለበሰች የፖሊስ አባል ነበረች። በክሊኒኩ በ10 ሳንቲም ለሚሸጥ መጽሐፍ 2 ዶላር ከፈለች። ሴቶቹ ወዲያው ጠረጠሯት፤ ሆኖም አላባረሯትም። ኦክቶበር 26 ከባልደረቦቿ ጋር ተመልሳ መጣች። ዕቃዎቹ፣ መጽሐፎቹና የሴቶቹ መዝገብ በሙሉ ተወሰደ። ሳንገርና ሚንዴል ወዲያው ተያዙ፤ በርን ቆይታ። ሳንገር አንድ ሌሊት በሬይመንድ ጎዳና እስር ቤት አድራ በ500 ዶላር ዋስ ወጣች። በኖቬምበር አጋማሽ ክሊኒኩን እንደገና ስትከፍት የሕዝብ ሰላም የሚያውክ ቤት ይዘሻል የሚል ተጨማሪ ክስ ቀረበባት። በመጨረሻ ፖሊስ አከራዩን አስገድዶ የማስለቀቂያ ወረቀት አስፈረመው። ክሊኒኩ ተዘጋ።

ሦስት ክሶች

ጠበቃቸው ዮና ጎልድስታይን ጉዳዩ በተራ ዜጎች በተዋቀረ የዳኝነት ሸንጎ እንዲታይ ጠይቆ ተከለከለ፤ ችሎቱ ሦስት ዳኞች ብቻ የሚቀመጡበት ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጆች ያሏቸው ተራ ሰዎች ቢፈርዱ ኖሮ ምን ሊፈርዱ እንደሚችሉ ዐቃቤ ሕጉም ያውቅ ነበር።

መጀመሪያ የተፈረደባት ኤቴል በርን ናት። ጃንዋሪ 22 ቀን 1917 በብላክዌል ደሴት እስር ቤት የ30 ቀን እስራት ተበየነባት፤ እሷም ምግብና ውኃ አልቀምስም ብላ የረሃብ አድማ ጀመረች። 185 ሰዓት ያህል ምንም ሳትቀምስ ከቆየች በኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ተይዛ፣ ወተት፣ እንቁላልና ብራንዲ የተቀላቀለበት ፈሳሽ በጉሮሮዋ በቱቦ ተጨመረባት። ጋዜጦች በፊት ገጻቸው በየቀኑ ያወጡት ጀመር። የበርን ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሳንገር ለአገረ ገዢው ለቻርልስ ዊትማን፣ እኅቷ ወደፊት ሕጉን እንደማትጥስ በስሟ ቃል ገባች፤ ምሕረቱ ፌብሩዋሪ 1 ተፈረመ። በርን ስትወጣ በእግሯ መራመድ አልቻለችም። ዛሬ በታሪኩ ውስጥ ስሟ የሚነሣው በጥቂቱ ነው፤ በእኛ ግምት ግን ጉዳዩን ከአንድ ሰፈር ወሬ ወደ አገር አጀንዳ ያወጣው የእሷ አካል ነው።

ሚንዴል መጽሐፍ በመሸጥ ተከሳ 50 ዶላር ተቀጣች፤ ቅጣቱ በይግባኝ ተሻረ።

የሳንገር ችሎት ጃንዋሪ 29 ተጀመረ። ዐቃቤ ሕግ ምስክር ያደረጋቸው ከተወሰደው መዝገብ ላይ ስማቸውን ያገኛቸውን የብራውንስቪል እናቶች ነው። ልጆቻቸውን፣ ዳይፐራቸውንና ዳቧቸውን ይዘው መጡ። ወደ ክሊኒኩ ለምን ሄድሽ ሲባሉ ልጅ እንዳይደጋገምብኝ አሉ፤ ጠበቃው ደግሞ ስንት እንደወለዱ፣ ስንት እንደሞተባቸው፣ ባላቸው በሳምንት ስንት እንደሚያገኝ ጠየቃቸው። የመከላከያ ምስክር ቢሆኑ ከዚህ የተሻለ አይናገሩም ነበር። ዳኞቹ ሕጉን እንደምታከብር ቃል ብትገባ ቅጣቱን ሊያቀሉላት ጠየቋት። ዛሬ ባለበት ሁኔታ ሕጉን ላከብር አልችልም አለች። በኩዊንስ ወኅኒ ቤት 30 ቀን ታስራ ማርች 6 ቀን 1917 ተፈታች። የጣት አሻራ መስጠትን እስከ መጨረሻው እንቢ ብላ ነው የወጣችው።

የጃንዋሪ 1918 ፍርድ

የኒውዮርክ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 8 ቀን 1918 የሳንገርን ጥፋተኝነት አጸና። ውሳኔውን የጻፈው ዳኛ ፍሬደሪክ ክሬን አንቀጽ 1142 ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ፤ ሳንገር ሐኪም ስላልሆነች ሕጉ ሐኪሞችን ይጎዳል ብላ ልትከራከር አትችልም አለ። እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። አላቆመም። አንቀጽ 1145ን አንሥቶ፣ ሐኪም በቅን ልቦና ላገባ ሰው በሽታን ለማዳን ወይም ለመከላከል የሚሰጠው ምክር የተጠበቀ ነው ሲል ጻፈ። በሽታ የሚለውንም ከአባላዘር በሽታ አውጥቶ፣ ከዌብስተር መዝገበ ቃላት ባገኘው ፍቺ መሠረት የሰውነትን ሥራ የሚያውክና ሕመም የሚያስከትል ወይም የሚያሰጋ ማንኛውም የአካል ለውጥ አደረገው። በዚያ ላይ ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት የሚሸጠው የመድኃኒት ባለሙያም ጥበቃው እንዲደርሰው አደረገ።

አንድ ሴት ሳንባ ነቀርሳ ቢኖርባት፣ ልቧ ቢደክም፣ ማኅፀኗ ቢወርድ፣ ከዚያ በኋላ በኒውዮርክ ሐኪሟ በሕግ ሊረዳት ይችላል። ፍርዱ የዘጋቸውን በሮችም አብረን እንቁጠራቸው፦ ማስታወቂያ አይፈቀድም፤ የጤና ሁኔታን ሳይለዩ ለሁሉም ምክር መስጠት አይፈቀድም፤ ያላገባች ሴት አልተጠቀሰችም፤ ነርስ ምንም አላገኘችም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዩን በ1919 ሳያየው መለሰው፤ ስለዚህ የክሬን ቃል ጸና።

ምን ተበላሸ፣ በኋላስ እንዴት ተጠገነ

የብራውንስቪልን ስሕተቶች በትክክል ለማየት ሳንገር በጃንዋሪ 1923 በማንሃተን በአምስተኛው ጎዳና ቁጥር 104 ከከፈተችው ሁለተኛ ክሊኒክ ጋር ማስተያየት ይበቃል።

በብራውንስቪል የመጀመሪያው ጥፋት መዝገቡ ነው። ስምና አድራሻ ከነታሪኩ አንድ ቦታ ተቀምጦ ፖሊስ በአንድ ቀን ሁሉንም አገኘ፤ ምክር ፈልገው የመጡት እናቶች መጥሪያ ደረሳቸው። ሁለተኛው በራሪ ወረቀቱ ነው። ሰፈሩን ያመጣው እሱ ነው፤ ነገር ግን ማስተዋወቅ በራሱ በአንቀጽ 1142 ወንጀል ስለሆነ ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ማስረጃ እንኳ ባያገኝ ወረቀቱ ይበቃው ነበር። ሦስተኛው ምክሩ የጤና ምክንያት ሳይጠየቅ ለሁሉም መሰጠቱ ነው፤ ሳንገር ይህን ያደረገችው በመርሕ ነው፤ እኛም በመርሑ ከእሷ ጋር ነን፤ በችሎት ግን መከላከያ አልሆነም። የሁሉም ሥር ያው የሐኪም አለመኖር ነው።

በ1923 ፈቃድ ያላት ሐኪም ዶክተር ዶርቲ ቦከር በዓመት 5,000 ዶላር ተቀጠረች። ቤቱ ክሊኒክ ሳይሆን የክሊኒክ ምርምር ቢሮ ተባለ፤ የሚመጡት ያገቡ ሴቶች ናቸው፣ በእያንዳንዷ ካርድ ላይ የጤና ምክንያት ይጻፋል። በ1925 ዶክተር ሐና ስቶን ያለ ደመወዝ ኃላፊነቱን ተረከበች፤ የመዝገብ አያያዙ ያኔ ነው እውነተኛ የሕክምና መዝገብ የሆነው። በ1928 በ1,100 ታካሚዎች ላይ ያደረገችውን ክትትል በሕክምና መጽሔት አሳተመች። ለዚህ ሥራ ስትል በአንድ ሆስፒታል የነበራትን ቦታ አጥታለች።

የዕቃው አቅርቦት የራሱ ታሪክ አለው። ዳያፍራም በአሜሪካ አይመረትም ነበር፤ ከውጭ ማስገባትም ክልክል ነበር። የሳንገር ሁለተኛ ባል ኖህ ስሊ የማሽን ዘይት ፋብሪካ ባለቤት ስለነበር፣ ከጀርመን የተገዙት ዳያፍራሞች ወደ ካናዳ ተልከው በዘይት በርሜሎች ውስጥ ተደብቀው ድንበር ያልፉ ነበር። በ1925 ስሊ ገንዘብ ሰጥቶ በአሜሪካ ውስጥ የሚያመርት ኩባንያ እስኪቋቋም ድረስ አካሄዱ ይኸው ነበር።

ጥገናው መያዙ የታየው ኤፕሪል 15 ቀን 1929 ነው። ፖሊስ በ13 ዓመት ውስጥ ዘዴውን አልለወጠም፦ አንዲት የፖሊስ አባል ታካሚ መስላ ገባች፣ ዳያፍራም ተለክቶላት ወጣች፣ ከዚያ ወረራ ተደረገ፤ ሁለት ሐኪሞችና ሦስት ነርሶች ታሰሩ። በዚህ ጊዜ ግን ሐኪሞቹ ሴትዮዋን በደንብ መርምረዋት ነበር፤ የማኅፀን መውረድን ጨምሮ እርግዝና የሚያባብሳቸው እውነተኛ ችግሮች በካርዷ ላይ ተጽፈዋል። ክሱን ያጸናል የተባለው ምስክር ራሱ አንቀጽ 1145ን አሟላ። ፖሊስ የታካሚዎችን ካርድ መውሰዱ ደግሞ ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ደንታ ያልነበራቸውን ሐኪሞች ሳይቀር አስቆጣ፤ የኒውዮርክ የሕክምና አካዳሚ የሐኪምና የታካሚ ምሥጢር ተደፈረ ብሎ ተነሣ። ዳኛው ክሱን ሰረዘው።

በፌዴራል ደረጃ መፍትሔው የመጣው በ1936 ነው። ከጃፓን ለሐና ስቶን የተላኩ 120 የማኅፀን ቆቦች ጉምሩክ ላይ ተይዘው ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ኦገስተስ ሃንድ፣ ሐኪም ለሕክምና የሚያስመጣውን ዕቃ የ1873ቱ ሕግ አይከለክልም ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር የወሊድ መቆጣጠሪያን የሕክምና ሥራ አካል አድርጎ ተቀበለ። ያገቡ ሰዎች በመላ አገሪቱ የመጠቀም መብታቸው በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተረጋገጠው ግን ገና በ1965 ነው፤ ሳንገር በዓመቱ ሞተች።

ዋጋው

ይህ መንገድ ያስከፈለውን መናገር ግድ ነው። ሜሪ ዌር ዴኔት የምትባል ሌላ ታጋይ ክልከላው ከነሥሩ ከሕጉ ይውጣ ትል ነበር። ሳንገር ለሐኪሞች ብቻ የሚፈቅድ ሕግ ይውጣ አለች። ዴኔት ያለችው ግልጽ ነው፦ እውቀቱ ለሐኪም ብቻ ከተሰጠ ሐኪም ለማየት ገንዘብ የሌላት ሴት ትቀራለች። በመርሕ ዴኔት ልክ ነበረች ብለን እናምናለን። በተግባር የሳንገር መንገድ ቀድሞ ክሊኒክ አስከፈተ፤ አንዲት ሴት ለአሥር ዓመት የሕግ ክርክር ልትጠብቅ አትችልምና። ሆኖም በአምቦይ ጎዳና የነበረው አሠራር፣ ነርስ በሰፈር ውስጥ በ10 ሳንቲም ምዝገባ በቋንቋቸው የምታስተምርበት፣ በዚያው ቀረ።

ሌላ ዝም ሊባል የማይገባው ነገር አለ። ሳንገር በ1920ዎቹ የዘር ማሻሻል አስተሳሰብ አራማጆችን ወገነች፤ «ብቁ ያልሆኑ» የሚሏቸው ሰዎች እንዳይወልዱ መደረጉን ደገፈች። ይህ የሴት ልጅ አካል የራሷ ነው ብላ ከተነሣችበት ሐሳብ ጋር ፈጽሞ አይታረቅም። በ2020 እሷ የመሠረተችው የቤተሰብ ምጣኔ ድርጅት፣ የፕላንድ ፓረንትሁድ፣ የኒውዮርክ ቅርንጫፍ ስሟን ከማንሃተን ክሊኒኩ ላይ ያነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ውሳኔው ተገቢ ነው እንላለን፤ የብራውንስቪልን እናቶች ጉዳይ ግን አያሳንሰውም።

ሳንገር በ1952 በቦምቤይ ካቋቋሙት አንዷ የሆነችበት ዓለም አቀፍ የቤተሰብ ምጣኔ ፌዴሬሽን በኢትዮጵያም አባል አለው፤ በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ነው። በአምቦይ ጎዳና የተነሣው ጥያቄ፣ ይህን ሥራ ያለ ሐኪም ማን ይሥራው የሚለው፣ በኢትዮጵያ በራሱ መንገድ መልስ አገኘ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሴት ሠራተኞችን በየቀበሌው ጤና ኬላ አስቀመጠ፤ እንክብልና መርፌ ይሰጣሉ፤ ከ2009 ጀምሮም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ኢምፕላኖን እንዲያስገቡ ሠለጠኑ። ሥልጠናው ሲጀመር ማስገባትን እንጂ ማውጣትን አላካተተም ነበር። በመሆኑም ሦስት ዓመቱ የሞላባት ወይም ቶሎ ልጅ የፈለገች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነበረባት። ለገጠር ሴት ማስገባቱ ቅርብ፣ ማውጣቱ ሩቅ የሆነበት አገልግሎት ግማሽ አገልግሎት ነው፤ ፕሮግራሙን የሚያቅድ ሰው የማውጫ ባለሙያውንና ቦታውን ከማስገቢያው ጋር አብሮ መመደብ ያለበት ለዚህ ነው።